የባንዳውን ልጅ ክርስትና ማንሳቴ

ባሌን የገደሉት ከጨሞጋ ወንዝ ማዶ ነው። ዱር ለገቡት አርበኞች በሶ አድርሶ፣ ባዶ ስልቻውን ትከሻው ላይ ጥሎ ሲመለስ፣ የጣሊያን ወታደሮችና አብረዋቸው ያሉት ባንዶች ቁልቁለቱ ላይ አድፍጠው ጠበቁት። ጠመንጃ አልነበረውም። ገበሬ ነው፤ ከዱላው በቀር የያዘው ነገር የለም። ሬሳውን የመንደሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው አመጡልን። ካህናቱ ገንዘው የሰፈራችን ማርያም ግቢ ውስጥ ቀበሩት።

እኔ አላለቀስኩም። ለቅሶ ላይ ሴቶቹ ደረታቸውን ሲመቱ እኔ መሀላቸው ቆሜ የአንዷን ነጠላ ጥለት እያየሁ ነበር። ጥለቱ ጫፉ ላይ ተተርትሯል። ማን ይሰፋላት ይሆን ብዬ አሰብኩ። «ደንግጣ ነው፤ ኋላ ይመጣላታል» አሉ። ኋላም አልመጣም። ከል ለብሼ፣ ፀጉሬን ተላጭቼ፣ ከአማቴ ጋር ያንኑ ቤት መኖር ቀጠልኩ። ልጅ አልወለድንም ነበር። ወላጆቼ ደምበጫ ስለነበሩ እንድመለስ ሰው ላኩብኝ። አልሄድኩም። አማቴን ጥሎ መሄድ ከበደኝ ብል ውሸት ነው፤ ያን ጊዜ የሚከብደኝም የሚቀለኝም ነገር አልነበረም። ተነስቶ መንገድ መጀመሩ ነው የጠፋኝ።

መንገዱን ለወታደሮቹ ያሳያቸው ጎረቤታችን እንደሆነ መንደሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። አጥር ለአጥር ነን። ማሳችን ድንበር ይጋራል። ባሌና እሱ በአንድ ደቦ አርሰዋል፣ በአንድ ማኅበር ጠጥተዋል። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽግ ከሠራ በኋላ ሰውየው አንድ ጊዜ ወደዚያ ወርዶ ሰነበተና ሲመለስ የወታደር ካፖርት ለብሶ፣ ጠመንጃ ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ ሰው ከሱ ጋር እግዜር ይስጥልኝ አይባባልም። ቤቱን በእሳት ለማጋየት የዛቱ ነበሩ፤ ምሽጉን ፈርተው ተዉት።

አማቴ ቁጡ ሴት ናቸው። ጠዋት ከቤት ሲወጡ ወደ ጎረቤታችን በር አያዩም፤ ፊታቸውን አዙረው ነው የሚያልፉ። እኔ አላዞርም። አያለሁ፣ አልፋለሁ። ጸሎት ሳደርስ ግን አቡነ ዘበሰማያትን ስደግም፣ የበደሉንን ይቅር ስለማለት ከምትናገረው ቦታ ስደርስ እዘላታለሁ። በቁጣ አልነበረም። አፌ ላይ አትመጣም፣ ያለሷ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ።

ይህንን ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው። ሽማግሌ ቄስ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሞ ሰውን በድምፁ ነው የሚለዩ። ቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሰሙኝ።

«ትጠይዋለሽ?» አሉኝ።

«አላውቅም አባቴ። ምንም አይሰማኝም።»

«ዋሽተሽ ከምትደግሚያት ዝለያት» አሉ። መስቀላቸውን ወደ እኔ ዘርግተው ደግሞ፣ «አፍሽ ቢዘላት ግን እጅሽ እንዳይዘላት» አሉኝ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። መስቀላቸውን ተሳልሜ ሄድኩ።

ምንጩ ከመንደሩ በታች ነው። ሴቶቹ ጠዋት አብረን እንወርዳለን፤ እንስራ ሞልቶ ብቻውን ተሸክሞ መነሳት አይቻልምና አንዷ ሌላዋን ታሸክማለች። የባንዳው ሚስት ስትመጣ ወሬው ይቆማል። ያን ጊዜ እርጉዝ ነበረች፣ ሆዷ ገፍቷል። እኛ እስክንሄድ ድረስ ራቅ ብላ ትጠብቃለች፤ ከዚያ እንስራዋን ከፍ ካለ ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ጀርባዋን ሰጥታ እየታገለች ትሸከማለች። ይህንን ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ቀን ወደ ኋላ ቀርቼ ሳለሁ ስትሸከም እንስራው አዘነበለባትና በጉልበቷ ወደቀች። እንስራውን በሁለት እጇ አቅፋ ቀረች፤ መነሳትም መልቀቅም አልቻለችም። ሄድኩና ከኋላ አነሳሁላት። ገመዱን ደረቷ ላይ አስተካከለች።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች፣ ሳታየኝ።

ሴቶቹ ከዳገቱ ላይ ሆነው አይተውናል። ከመሀላቸው አንዷ በኋላ፣ «ምን ብለሽ ነው? ባልሽን አስበልታሽ!» አለችኝ። ወድቃ ነበር፤ አነሳኋት። ከዚህ የሚበልጥ ሐሳብ አልነበረኝም።

ጥቂት ሳምንት አልፎ አንድ ረፋድ ላይ የሕፃን ልቅሶ ከአጥር ማዶ ሰማን። አማቴና እኔ ጌሾ እየለቀምን ነበር። እልልታ ጠበቅን። ሴት ከሆነች ሦስት ጊዜ፣ ወንድ ከሆነ ሰባት ጊዜ እልል ይባላል፤ እልል የሚል ሰው ግን አልነበረም። ሕፃኑ ብቻ ያለቅሳል።

«ሰው አልሄደላትም» አሉ አማቴ።

ከዚያ በኋላ ጌሾውን ትተው ወደ ጓዳ ገቡ። ሲወጡ ለጋ ቅቤ በቅል ይዘዋል። ከበሩ አጠገብ መሬት ላይ አስቀመጡትና ተመልሰው ጌሾአቸውን መልቀም ጀመሩ። ውሰጂላት አላሉኝም። አንስቼ ሄድኩ። ሰውየው ቤት አልነበረም፤ ምሽጉ ነው ያለ። ሴትየዋ ብቻዋን ከመደቡ ላይ ተኝታለች፣ ሕፃኗ ሴት ናት። እሳት አያያዝኩ፣ ገንፎ አገነፋሁ፣ ቅቤውን አደረግሁበት። በልታ ስትጨርስ ገበታውን አጥቤ ወጣሁ።

ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው። ያ ቀን ሲደርስ ለጸሎት ማርያም ሄጄ ነበር። የሴትየዋ እህት ከደብረ ወርቅ መጥታ ክርስትና ልታነሳላት ተነጋግረው ኖሯል፤ መንገዱ በወታደር ስለተዘጋ ይሁን ሰው አስፈራርቷት፣ አልመጣችም። እናቲቱ ልጇን ታቅፋ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆማለች። አባትየው ጠመንጃውን ቤቱ ጥሎ በነጠላ ብቻ መጥቶ ከቅጥሩ ድንጋይ አጠገብ ተለይቶ ቆሟል። የነፍስ አባቴ ወጥተው፣ «የክርስትና እናት ማናት?» ብለው ጠየቁ።

ሴቶች ነበሩ። አንዷ መሬት መሬት ታያለች፣ አንዷ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ቄሱ ሁለተኛ ጠየቁ። ልጅቱ ማልቀስ ጀመረች። «እንግዲህ መልሺያት፣ ሌላ ቀን ይሁን» ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ እሳቸው ግን መስቀላቸውን እንደያዙ ቆሙ። ዓይናቸው እንደማያይ አውቃለሁ፤ ፊታቸው ግን ወደ እኔ ነበር። እጄን ዘረጋሁ። እናቲቱ ሰጠችኝ።

«ማናት?» አሉ ቄሱ።

«እኔ ነኝ አባቴ።»

ድምፄን ለዩት። ከል ለብሻለሁ፣ ፀጉሬ ገና አላደገም። አንዲት ሴት ከኋላዬ «ኧረ በስመ አብ!» ስትል ሰማሁ። ቄሱ መጽሐፋቸውን ከዲያቆኑ ተቀበሉና ወደ ምዕራብ አዞሩኝ። ወደ ምዕራብ ስዞር ከዛፎቹ መሀል የጨሞጋ ቁልቁለት ይታያል። በልጅቱ ፈንታ ሰይጣንን ትክጂ እንደሆነ ጠየቁኝ። «እክዳለሁ» አልኩ። ወደ ምሥራቅ አዙረው እምነቷን አስደገሙኝ፤ ደገምኩ። ልጅቱ ከውሃው ወጥታ በሜሮን ታትማ፣ ማተቧ ታስሮላት እቅፌ ውስጥ ስትገባ ቀዝቅዛለች፤ አፏን ከፍታ ታለቅስ ነበር። ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ ልብ ይሞቃል ይላል። የእኔ እንደነበረ ነው። የክርስትና ስሟን እንዳልረሳው ብቻ በልቤ ደጋገምኩት።

ያን ዕለት የሰውየው አበልጅ ሆንኩ። እኛ አገር አበልጅ ከሥጋ ዘመድ ይበልጣል፤ አበልጅ አይካካድም፣ አይገዳደልም። ይህንን ልጅቱን ከመቀበሌ በፊት አላሰብኩትም። አሰብኩ እንዴ ብዬ ራሴን በኋላ ጠይቄያለሁ፤ አላሰብኩም።

ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤታቸው ሄድን። የክርስትና ድግስ ደግሰው ነበር፤ ከቄሱ፣ ከዲያቆኑና ከእኔ በቀር የመጣ የለም። ካህናቱ ባርከው፣ ቀምሰው ሄዱ። እኔ ልጅቱን ታቅፌ ቀረሁ። ሴትየዋ እንጀራ አቀረበችልኝ። በላሁ። ሰውየው በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጧል።

«መንገዱን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«ወንድሜን ምሽጉ ውስጥ አስረውት ነበር። ስንቅ የሚያመላልሱትን ካሳየኸን እንለቀዋለን አሉኝ።»

ይህንን አላውቅም ነበር። «ለቀቁት?» አልኩት።

«አለቀቁትም። እዚያው በተስቦ ሞተ።»

«ነፍስ ይማር» አልኩ። ከልማድ ነው የወጣኝ። ሰውየው ፊቱን በነጠላው ሸፍኖ አለቀሰ። ሚስቱም አለቀሰች። እኔ ልጅቱ እንዳትነቃ እያወዛወዝኳት ነበር።

«ይቅር በይኝ» አለኝ።

«ይቅርታ እኔ ዘንድ የለም» አልኩት። «ቢኖረኝ እሰጥህ ነበር። ያለኝ ይኸ ነው፤ መጥቻለሁ፣ ልጅህን ተቀብያለሁ።»

ወደ ቤት ስመለስ አማቴ መደቡ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል።

«በላሽ?» አሉኝ።

«በላሁ።»

«ሂጂ አፍሽን ተጉመጥመጪ።»

ወጥቼ ተጉመጠመጥኩ። ስገባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል። ለአራስ ቅቤ መስጠት አንድ ነገር ነው፣ የልጃቸውን ገዳይ አበልጅ ማድረግ ሌላ። ከዚያ ወዲያ ከአንድ መሶብ እየበላን በወጉ አላነጋገሩኝም። አልተቀየምኩም። እንድሄድም አላሉኝ፣ እኔም አልሄድኩ። ምንጩ ላይ ሴቶቹ እኔንም ማሸከም ተዉ። የልጅቱ እናትና እኔ ነበርን የምንሸካከመው። ሰውየው ካፖርቱን እንደለበሰ ቀጠለ፤ ከምሽጉ ቢቀር ይገድሉታል። ብቻ ከዚያ በኋላ መንገድ ሊመራ ሲጠራ እግሬን አሞኛል እያለ እየተኛ፣ ሁለት ጊዜ በጅራፍ እንደተገረፈ ሚስቱ ነገረችኝ። እውነት ይሁን አይሁን አላጣራሁም።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ለቆ ሲወጣ አርበኞቹ ከየዱሩ ገቡ። ገበያው፣ ቤተ ክርስቲያኑ በደስታ ሞላ። ባንዳ የነበሩትም አንዳንዶቹ ከሸሸው ጋር ሸሹ፣ አንዳንዶቹን ሰው እያወጣ ገደላቸው። ዱር የነበሩት የባሌ ታላቅ ወንድም በእኩለ ቀን ወደኛ ቤት መጡ። ፀጉራቸው ጎፍሯል፣ ዝናር ታጥቀዋል፣ አንድ ጣታቸው የለም። እናታቸው አንገታቸውን አቅፈው ብዙ አለቀሱ። እግራቸውን ላጥባቸው ውሃ ሳመጣ ከለከሉኝ።

«ሰውየው አለ?» ብለው ጠየቁ።

አማቴ እኔን አዩኝ። የለም ብል እሳቸውም አለ አይሉም ነበር፤ ይህንን ከፊታቸው አየሁ።

«ቤቱ ነው» አልኩ። «ግን ጋሼ፣ አበልጄ ነው።»

«ምንሽ ነው?»

«ልጁን ክርስትና አንስቻለሁ። እሱን ከገደሉት የሚገድሉት የልጄን አባት ነው።»

ተነስተው ቆሙ። ይመቱኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልፈራሁም። «የወንድሜ ደም ሳይደርቅ?» አሉኝ። «ምን አጥተሽ ነው? እኛ ምን አድርጊ ብለንሽ?»

«ማንም አድርጊ አላለኝም።»

«እንግዲያ አንቺ የኛ ሰው አይደለሽም።»

ያን ጊዜ አማቴ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በወጉ ያላናገሩኝ ሴት፣ «ተው» አሏቸው። «የሰውየው ሚስት አራስ ሆና ስትተኛ ቅቤ የላክሁላት እኔ ነኝ። ይችን ከቤት ከምታወጣ እኔን አብረህ አውጣኝ።»

ልጃቸው ጠመንጃቸውን አንስተው አጥሩን ዞረው ሄዱ። ተከተልኳቸው። ልጅቱ እግር አውጥታ ነበር፤ ግቢያቸው ውስጥ ከዶሮዎቹ ጋር ትንከላወሳለች። ሰውየው ሲያየን ወደ ውስጥ አልሸሸም። ነጠላውን አገልድሞ፣ ከግቢው ድንጋይ አንስቶ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ከእግራቸው ሥር ተንበረከከ። እኛ አገር በደለኛ የሚለምነው እንዲያ ነው። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ልጅቱ አባቷ የሚጫወት መስሏት መጥታ ማጅራቱ ላይ ያለውን ድንጋይ ነካካች።

የባሌ ወንድም ጠመንጃቸውን ሁለት ጊዜ ከትከሻ ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ ትከሻ አዛወሩት።

«ከዚህ አገር ጥፋ» አሉት በመጨረሻ። «ሁለተኛ ባይህ አበልጅም አያስጥልህ።»

ሰውየው በማግስቱ ወደ ዲማ ገዳም ሄደ። ገዳሙ ደጅ ላይ እንጨት እየለቀመ፣ ውሃ እየቀዳ ለቆሎ ተማሪዎች ይሠራል እያሉ ይነግሩን ነበር። ሚስቱ መሬቷን ይዛ ቀረች። አንድ በሬ የሷ፣ አንድ በሬ የኛ አቀናጅተን እናሳርስ ነበር። ልጅቱ በሁለት ቤት አደገች። አጥሩ መሀል ቀዳዳ ነበር፤ በዚያ ትመላለሳለች። አማቴ መጀመሪያ አያዩአትም ነበር። ኋላ ቅማል ይፈልጉላት ጀመር።

ልጅቱ ኩፍኝ ወጥቶባት ሳለ ነው እንባዬ የመጣ። ትኩሳቱ አላስተኛ ብሏት ሲነጋ ውሃ አለችኝ። ስሰጣት አንገቷን መሸከም አቅቷት ጭንቅላቷ እጄ ላይ ወደቀ። ይኸኔ ጀመረኝ። እሷ ደህና ከሆነች በኋላም አልቆም አለኝ፤ ወፍጮ ላይ ተቀምጬ አለቅሳለሁ፣ ምንጭ ስወርድ አለቅሳለሁ። አማቴ «ለማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እንጃ አልኳቸው። እሳቸውም ተቀምጠው አብረውኝ አለቀሱ። ለባሌ ይሁን ለልጅቱ ለይቼው አላውቅም። ከዚያም ቆመ፤ ቀኖቹም እንደ ቀድሞው ሆኑ።

የባሌ ወንድም ከዚያ ቀን በኋላ ቤታችን አልገቡም። እናታቸውን ሲጠይቁ ውጭ ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። አማቴ ሲያርፉ ለቅሶ መጥተው ድንኳን ገቡ። የእጅ ውሃ የምታዞረው ልጅቱ ነበረች። ማን እንደሆነች ያውቃሉ፤ አባቷን ትመስላለች። ፊታቸው ስትቆም ጥቂት አይተዋት እጃቸውን ዘረጉ። አስታጠበቻቸው። ከዚያ ወዲህ በዓመት በዓል ይመጣሉ። ስለዚያ ነገር ግን አንድም ቀን አንስተን አናውቅም።

ሰው ሕይወቱን በአንድ ትልቅ ቀን የመረጠ ይመስለዋል። እኔ እንደዚያ ያለ ቀን አላስታውስም። ወድቃ የነበረች ሴት አነሳሁ፤ ያንን ስላደረግሁ ገንፎውን ማገንፋት አልከበደኝም፤ ገንፎውን ስላገነፋሁ እጄን መዘርጋት አልራቀኝም። በዚያ ጠዋት ዳገቱን ከሴቶቹ ጋር ወጥቼ ቢሆን ምን እሆን እንደነበር እግዚአብሔር ያውቃል። ክፉ ሴት አልሆንም ነበር ይሆናል። ሌላ ሴት እሆን ነበር።

ሰውየው ዲማ ላይ ሞተ ብለው ሲነግሩን ልጅቱ ለአቅመ ሔዋን ደርሳ ነበር። እናቷ ያን ሰሞን ታማ ስለነበር እኔና ልጅቱ በእግራችን ሄድን። መቃብሩን አንድ መነኩሴ አሳዩን፤ ሣር በቅሎበታል። ተቀመጥን። ጸሎት አደረስን፣ የያዝነውን ቆሎ በላን። ልጅቱ አላለቀሰችም፤ አታውቀውም። ስንመለስ መንገድ ላይ ጠየቀችኝ።

«እማ፣ አባቴ ምን አድርጎ ነው እዚያ የሄደ?»

እናቷ ነግራት እንደማታውቅ ተረዳሁ። ስእለት ነበረበት ማለት እችላለሁ፤ ታምነኝ ነበር። ነገርኳት። ባሌን፣ ጨሞጋን፣ ምሽግ ውስጥ የታሰረውን ወንድም፣ ሁሉንም። ከፊቴ ቀድማ ብዙ መንገድ ሄደች። ዳገቱ መሀል ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ታዲያ አንቺ ለምን ክርስትና አነሳሽኝ?»

«ሌላ ሰው አልነበረም» አልኳት።

አየችኝ። የበለጠ ነገር የምነግራት መስሏት ጥቂት ጠበቀች፤ የበለጠ የለኝም። ከዚያ የያዝኩትን ቋጠሮ ከእጄ ወሰደችና ራሷ ተሸከመችው። ከደብረ ወርቅ በኩል ደመናው ጠቁሮ ይመጣ ነበር። እግራችንን አፋጠንን፤ መንደር ሳንደርስ ዝናቡ ያዘን።